ያገለገለ ከፍተኛ ጌይን የቲዩብ ጊታር ሄድ አገዛዝ፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ቤት

ያገለገለ የቲዩብ ሄድ (በመስታወት ቲዩቦች የሚሠራ፣ ስፒከር በውስጡ የሌለው የጊታር አምፕሊፋየር) ገዝተው በወሩ የሚያዝኑ ሰዎች ታሪካቸው ይመሳሰላል። ሻጩ አምፕሊፋየሩን አሙቆ ይጠብቃቸዋል፤ ጌይኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን መዘወሪያ) ከፍ አድርገው አሥር ደቂቃ ይጫወታሉ፤ ድምፁ ልባቸውን ይወስደዋል፤ ገንዘቡን ቆጥረው ይወጣሉ። እኔም የመጀመሪያውን የገዛሁት እንዲሁ ነበር። በሦስተኛው ልምምድ ላይ፣ ከተከፈተ አርባ ደቂቃ ግድም ሲሆነው፣ ከኋላ ባለው ፍርግርግ ውስጥ አንዱ ቲዩብ እንደ ከሰል ፍም ቀልቶ አየሁት። እጄ ማጥፊያው ጋ ሳይደርስ ፊውዙ ተቃጠለ። ጥገናው ከገዛሁበት ዋጋ ግማሹን በላ።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። የቲዩብ አምፕሊፋየር ሕመሙን የሚያወጣው ሲሞቅ ነው። ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሚሻከር ድምፅ) ደግሞ ጉድለትን ይሸፍናል፤ የደከመ ቲዩብም ሆነ ያረጀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) በወፍራም ዲስቶርሽን ሥር ተደብቆ ያልፋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ስለሆነ ደረጃ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ከመደወላችሁ በፊት የምትፈልጉትን ወስኑ

ዋት አያታልላችሁ። 100 ዋት የ50 ዋት እጥፍ የሚጮህ ይመስላል፤ በእኩል ስፒከር ላይ ልዩነታቸው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። 100 ዋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት ትልልቅ ቲዩቦች ይፈልጋል፣ 50 ዋቱ ሁለት። በትንሽ አዳራሽና በልምምድ ክፍል ለሚጫወት ሰው 50 ዋት ይበቃል፤ ቲዩብ በሚቀየርበት ጊዜም ወጪው ግማሽ ነው።

ገበያው ላይ በብዛት ከሚገኙት ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

ፒቪ 5150 እ.ኤ.አ. በ1992 ከጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ጋር በመተባበር የወጣ ነው። በ2004 ትብብሩ ሲያበቃ ስሙ 6505 ተባለ፤ የውስጥ አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው። ስለዚህ 5150 የሚለው ጽሑፍ ስላለበት ብቻ ብዙ ጨምሩ ብትባሉ እሺ አትበሉ። 120 ዋት ነው፤ አራት 6ኤል6 ቲዩቦች አሉት። የመጀመሪያው 5150 ባያሱን (ሳይጫወቱበትም በትልልቆቹ ቲዩቦች ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን) የሚያስተካክል መዘወሪያ የለውም፤ ፋብሪካው ዝቅ አድርጎ ስለወሰነው ቲዩቦቹ ረጅም ዕድሜ ያገኛሉ፣ ቲዩብ መቀየርም ቀላል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ይህንን ነው።

ሜሳ ቡጊ ዱዋል ሬክቲፋየር 100 ዋት ነው፤ አራት 6ኤል6 እና ሁለት 5ዩ4 የተባሉ የሬክቲፋየር ቲዩቦች (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡ) አሉት። ታላቅየው ትሪፕል ሬክቲፋየር 150 ዋት ነው፤ ስድስት 6ኤል6 እና ሦስት 5ዩ4 አሉት። የዚህም ባያስ በፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ ቲዩብ ሲቀየር ልኩ የሚስማማውን መርጦ መግዛት ያስፈልጋል።

ማርሻል ጄሲኤም 2000 ዲኤስኤል 100 በኢኤል34 ቲዩቦች ይሠራል፤ ቲዩብ በተቀየረ ቁጥር ባያሱ በባለሙያ መስተካከል አለበት። በዚህ ተከታታይ ከተሠሩት በአንዳንዶቹ ላይ የሰርኪዩት ሰሌዳው ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ማሾለክ ይጀምርና ባያሱ በራሱ ይንሸራተታል። ይህን ሞዴል ከመረጣችሁ ደረጃ 7 ላይ ያለውን የሙቀት ፈተና ሙሉ ሰዓት ስጡት።

ደረጃ 2፦ ለሻጩ ደውሉ

ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ የኋላው ገጽ ሙሉ ፎቶ፣ ቮልቴጅና ኸርዝ የተጻፈበት ቦታ በቅርበት፣ ቲዩቦቹ ከኋላ ሲታዩ። ከዚያ ቲዩቦቹ መቼ እንደተቀየሩ፣ ማን እንደጠገነው፣ የእግር ማብሪያው አብሮ መኖሩን ጠይቁ። የእግር ማብሪያው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ሞዴሎች የራሳቸው የሆነ ልዩ መሰኪያ ስላላቸው ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

በመጨረሻ ይህን በሉት፦ «ወንድሜ፣ ከመምጣቴ በፊት አምፕሊፋየሩን አታብራው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ላግኘው። አንድ ሰዓት ያህል እሞክረዋለሁ፤ ጎረቤት የማይረበሽበትን ሰዓት አንተ ምረጥ።» ንጹሕ ሻጭ በዚህ አይከፋም። «ጊዜ የለኝም፣ አሥር ደቂቃ ይበቃሃል» ካለ ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ቦርሳችሁን አዘጋጁ

የራሳችሁን ጊታርና ደህና መሆኑን የምታውቁትን ገመድ ያዙ። በሰው ጊታር የተሞከረ አምፕሊፋየር አልተሞከረም። ሌላው የሚያስፈልጋችሁ፦ የእጅ ባትሪ፣ የእንጨት እርሳስ፣ መልቲሜትር፣ አጭር የጊታር ገመድ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ጤነኛ የሆነ አንድ 12ኤኤክስ7 ቲዩብ (ከትንንሾቹ ቲዩቦች የተለመደው)፣ ወፍራም ጨርቅ እና የስፒከር ገመድ።

የስፒከር ገመድና የጊታር ገመድ ጫፋቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ውስጣቸው ግን አይገናኝም። የጊታር ገመድ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ የኃይል ክፍሉን (ትልልቆቹ ቲዩቦች ያሉበትን) ሸክም አይችልም፤ ቢቃጠል አምፕሊፋየሩ ያለ ስፒከር ይቀራል። ያለ ስፒከር የሚሠራ የቲዩብ አምፕሊፋየር ደግሞ የስፒከር ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሻጩ በጊታር ገመድ አገናኝቶ ብታገኙት አስጠፉና ገመዱን ቀይሩ። ሲጠቀምበት የኖረው በዚያ ከሆነም ትራንስፎርመሩን በጥርጣሬ መርምሩ።

ሻጩ የስፒከር ሳጥን ከሌለው የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ቲዩቦቹ ሲበሩ ይኸው ይታያል» በሚል ብቻ የሚሸጥ ሄድ አትግዙ።

ደረጃ 4፦ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ መርምሩት

ማስጠንቀቂያ፦ የብረት ሳጥኑን አትክፈቱ፣ እጃችሁንም ወደ ውስጥ አታስገቡ። በእነዚህ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ይኖራል፤ ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ያንን ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይገድላል። በዚህ መመሪያ የሚሠራው ሁሉ ከውጭ ነው።

1. ቮልቴጁን አንብቡ። በአሜሪካ የተሸጡት አብዛኞቹ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ ይህ ዋጋውን ይነካል፤ ደረጃ 9ን ሳታነቡ አትስማሙ።

2. የሶኬት ገመዱን ጫፍ ተመልከቱ። ሦስተኛው የመሬት እግር ተቆርጦ ከሆነ አንድ ሰው ጉምጉምታን ለማጥፋት ሲል ሕይወቱን አስይዟል ማለት ነው። ገመዱ ሳይቀየር አታብሩት።

3. ፊውዙን አውጥታችሁ በላዩ የተጻፈውን አምፔር ከኋላ ገጽ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ከፍ ያለ ፊውዝ ገብቶ ከሆነ፣ ወይም በቆርቆሮ ወረቀት ተጠቅልሎ ከሆነ፣ ትክክለኛው እየተቃጠለ አስቸግሯቸው ነበር። እዚህ ላይ ተነስታችሁ ብትሄዱ አልፈርድባችሁም። የቤት ለቤት ግዢ ላይ ከዚህ የበለጠ እውነት የሚናገር ዕቃ አላውቅም።

4. አፍንጫችሁን ወደ ኋላ ፍርግርጉ አስጠጉ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ጎምዛዛና የሚከረክር ነው፤ ከአቧራ ሽታ ጋር አይምታታም። ያ ሽታ ከትራንስፎርመር ይመጣል።

5. በእጅ ባትሪ ቲዩቦቹን እዩ። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ብርማ ቅብ ነጭ ሆኖ እንደ ወተት ከገረጣ አየር ገብቶበታል፤ ያ ቲዩብ ሞቷል። ትልልቆቹ ቲዩቦች የተለያየ ማርክ ካላቸው ተመጣጥነው የተገዙ አይደሉም፤ የአዲስ ቲዩብ ዋጋ ከወዲሁ በሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ።

6. የጊታርና የስፒከር ጃኮቹን በጣት ነካ ነካ አድርጉ። የሚወዛወዝ ጃክ ከሰሌዳው ላይ ያለው ብየዳ ሊላቀቅ የደረሰ ነው።

ደረጃ 5፦ አገናኙና አብሩ

ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ ስፒከር መጀመሪያ፣ መብራት ቀጥሎ።

የስፒከር ሳጥኑ ስንት ኦም እንደሆነ ካልተጻፈ በመልቲሜትር ለኩት። የሚነበበው ቁጥር ከስሙ ዝቅ ይላል፤ 6 ወይም 7 ካነበባችሁ ሳጥኑ 8 ኦም ነው፤ 12 ወይም 13 ካነበባችሁ 16 ኦም ነው። ከሄዱ ኋላ ያለውን መሰኪያ ወይም መምረጫ ከዚሁ ጋር አንድ አድርጉ። ሁለት የ16 ኦም ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲገናኙ 8 ይሆናሉ፣ ሁለት የ8 ኦም 4 ይሆናሉ።

ሁሉንም መዘወሪያዎች ዜሮ ላይ አድርጉ። ስታንድባይ (ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ድምፁን የሚያቆይ ማብሪያ) ያለው ከሆነ እዚያው ላይ ተዉት። ዋናውን አብሩና አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ በእያንዳንዱ ቲዩብ መካከል ትንሽ ብርቱካናማ ብርሃን መታየት አለበት። አንዱ ጨለማ ከሆነ ልቡ ተቋርጧል። ከዚያ ስታንድባዩን ልቀቁ፤ የክፍሉን መብራት አጥፉና ከኋላ በኩል ተቀምጣችሁ ትልልቆቹን ቲዩቦች ሁለት ደቂቃ ተመልከቱ።

በመስታወቱ ላይ የሚንሳፈፍ ሰማያዊ ብርሃን ጤና ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጥበታል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ቲዩቡ ውስጥ ያለው ሰፊ ግራጫ ብረት ከጎኑ ጀምሮ ከቀላ ወዲያውኑ አጥፉ።

ነገሩ ከተበላሸ፦ ዋናውን ስታበሩ ፊውዝ ከተቃጠለ ችግሩ ከመብራት ትራንስፎርመሩ አካባቢ ነው፤ ተዉት። ስታንድባዩ ሲለቀቅ ከተቃጠለ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ የኃይል ቲዩብ ነው፤ የስፒከር ትራንስፎርመርም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ከውጭ መለየት ስለማይቻል «ቲዩብ ብቻ ነው» የሚለውን የሻጩን ቃል ይዛችሁ አትግዙ። እሱ ራሱ ቲዩቡን ቀይሮ ያሳያችሁ። ሁለተኛ ፊውዝ ከፍ ባለ አምፔር እንዳይተካም ከልክሉ።

ደረጃ 6፦ ጸጥታውን አዳምጡ፣ ከዚያ መዘወሪያዎቹን

ጊታር አልተሰካም። ሁሉም ነገር ዜሮ ላይ እያለ ከስፒከሩ የሚሰማውን ስሙ። ቀላል የእፍ እፍ ድምፅ አለ፤ እሱ አያሳስብም። ቮሊዩም ብታዞሩም ባታዞሩም የማይለወጥ ጠንካራ ጉምጉምታ ግን ከኃይል ክፍሉ ነው፤ ወይ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ አርጅተዋል፣ ወይ ትልልቆቹ ቲዩቦች አልተመጣጠኑም። ከቮሊዩሙ ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ጉምጉምታ ደግሞ ትንንሾቹ ቲዩቦች ካሉበት ከፊተኛው ክፍል ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይድናል። ጌይን ሲጨመር የሚመጣው ሹክሹክታ የእነዚህ አምፕሊፋየሮች ጠባይ ነው፤ በዚህ ዋጋ ላይ አትከራከሩ።

አሁን እያንዳንዱን መዘወሪያ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። መንኮሻኮሽ ብቻ ካለ በማጽጃ ፈሳሽ ይለቃል። ስታዞሩት ስፒከሩ ዱብ ዱብ ካለ ግን የሚያሾልክ ካፓሲተር ሊኖር ይችላል፤ የጥገና ወጪ ብላችሁ ጻፉት። ቻናሎቹን ሁሉ በእግር ማብሪያው ቀያይሩ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የኢፌክት መሰኪያዎቹን (የውጭ ድምፅ ለዋጭ መሣሪያ የሚገናኝባቸውን፤ ሴንድ መውጫው፣ ሪተርን መመለሻው) ነው። ድምፁ ብቅ ጥልቅ የሚል ወይም ሳይታሰብ የሚደክም ሄድ ካጋጠማችሁ አጭሩን ገመድ ከኋላ ከሴንድ ወደ ሪተርን ሰኩ። ድምፁ ከተመለሰ ጥፋቱ በመሰኪያው ውስጥ የቆሸሸ መገናኛ ነው። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ጽዳት ነው፤ ሻጩ ይህን ሳያውቅ «ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ የለቀቀው ሄድ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ቀጥሎ እርሳሱን ያዙ። ቮሊዩሙን ዝቅ፣ ጌይኑን መካከለኛ አድርጋችሁ ትንንሾቹን ቲዩቦች በእርሳሱ ጀርባ በስሱ ነካ ነካ አድርጉ። ለጊታር መሰኪያ የቀረበው ቲዩብ በስፒከሩ ትንሽ ቢያሰማ የተለመደ ነው። እንደ ደወል ካስተጋባ ወይም መጮህ ከጀመረ አርጅቷል። አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ በጨርቅ ይዛችሁ ቀጥታ ሳቡት፤ ይዛችሁ የመጣችሁትን 12ኤኤክስ7 ተኩና እንደገና ሞክሩ። ጩኸቱ ከጠፋ ጉዳዩ የአንድ ቲዩብ ዋጋ ነው። ካልጠፋ ቀጣዩን ሞክሩ።

ደረጃ 7፦ በንጹሕ ድምፅ ጀምሩ፣ ከዚያ አሙቁት

ጊታሩን ሰኩ። እጃችሁ ወደ ዲስቶርሽኑ ቻናል እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ ያዙት። በንጹሑ ቻናል፣ ቮሊዩሙን ጆሮ መድፈኛ እስኪያስፈልግ ከፍ አድርጋችሁ፣ ወፍራሙን ክር መቱና እስኪያልቅ ስሙት። ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ቀስ ብሎ መሞት አለበት። ከዚያ በቀጭኑ ክር ላይ ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት በላይ አንድ ኖታ ያዙ። ከሥሩ ሌላ፣ ዝቅ ያለና ቅኝቱ የማይገጥም ኖታ እንደ ጥላ ከተከተለው የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ደክመዋል። ይህን በዲስቶርሽን ውስጥ አትሰሙትም።

ንጹሑ ድምፅ ቀጭንና ደካማ ሆኖ፣ ቮሊዩም ሲጨመር ከመጉላት ይልቅ የሚደፈጠጥ ከሆነ ወይ ቲዩቦቹ አልቀዋል ወይ የስፒከር ትራንስፎርመሩ ታሟል። ዱዋል ሬክቲፋየር ከሆነ ስታንድባይ ላይ አድርጉና የኋላውን መምረጫ ከቲዩብ ወደ ዳዮድ (የሬክቲፋየር ቲዩቦቹን ሥራ ያለ ቲዩብ የሚሠራ ክፍል) ለውጡ። በዳዮድ ደህና ሆኖ በቲዩብ ብቻ የሚሞት ከሆነ ጥፋቱን በ5ዩ4ዎቹ ላይ ፈልጉ።

አሁን ዲስቶርሽኑን ክፈቱ። ወፍራሙን ክር በመዳፍ አፍናችሁ ፈጣን ምት ተጫወቱ፤ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ መሰማት አለበት። ከዚያ አታቁሙ። ቢያንስ አርባ ደቂቃ፣ በልምምድ ልክ ጮክ አድርጋችሁ ተጫወቱ። በየአሥር ደቂቃው የክፍሉን መብራት አጥፉና ወደ ኋላ ሄዳችሁ ቲዩቦቹን እዩ፤ አፍንጫችሁንም አስጠጉ። አንድ ጊዜ አንድ ሻጭ ጋ ሦስት ጊዜ ጤነኛ ያየሁት ሄድ በአራተኛው ላይ፣ ከዳር ያለው ቲዩብ ጎኑ እንደ ሳንቲም በሚያህል ክብ ቀልቶ አገኘሁት። ሻጩም ጎንበስ ብሎ አይቶ ዝም አለ። ያን ቀን ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ደስ ብሎኝ።

ደረጃ 8፦ ሒሳቡን ሥሩ

ያገኛችሁትን በሦስት ክፈሉ። ትንሽ ቲዩብ፣ የሚንኮሻኮሽ መዘወሪያ፣ የቆሸሸ መሰኪያ፦ ግዙት፣ ጥቂት አስቀንሱ። የኃይል ቲዩቦች መቀየርና ካፓሲተር መለወጥ፦ የአካባቢያችሁ ጠጋኝ የሚጠይቀውን በስልክ ጠይቁና ያንኑ ያህል ከዋጋው ላይ አንሱ፤ ሃያ ዓመት ያለፈው ሄድ ካፓሲተሩ ተቀይሮ የማያውቅ ከሆነ ይህ ወጪ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል። ትራንስፎርመር፣ የተቃጠለ ሰሌዳ፣ ሲሞቅ የሚቀላ ቲዩብ፦ ባለሙያ ካልሆናችሁ በማናቸውም ዋጋ አትግዙ።

ደረጃ 9፦ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ስታመጡት

ዘመድ ከዋሽንግተን አካባቢ እንዲያመጣላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ጥንቃቄው ከዚህ ይጀምራል። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የ120 ቮልት ሄድ በቀጥታ ቢሰካ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል።

አንዳንድ ሄዶች የመብራት ትራንስፎርመራቸው ለሁለቱም ቮልቴጅ የተሠራ ስለሆነ ባለሙያ ከውስጥ ይቀይረዋል። ካልሆነ ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከሄዱ ኋላ የተጻፈውን የዋት ፍጆታ እጥፍ የሚችል ግዙ፤ ለመንገደኞች የሚሸጡትን ቀላል መቀየሪያዎች ተዉ። ቀናሹ ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ከሄዱ ጀርባ «50/60 ኸርዝ» የሚል ካለ ጥሩ ነው፤ «60 ኸርዝ» ብቻ ከሆነ ትራንስፎርመሩ በ50 ላይ ከለመደው የበለጠ ሊሞቅ ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ባለሙያ አማክሩ።

የመሬት መስመሩንም አትርሱ። ቀናሹ ሦስተኛውን መስመር የሚያሳልፍ መሆኑንና የቤታችሁ ሶኬት እውነተኛ የመሬት መስመር ያለው መሆኑን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ። በአሮጌ ቤቶች ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ከኋላው ሁለት ሽቦ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የጊታር ክር ይዛችሁ ማይክሮፎን ስትነኩ ከንፈራችሁን የሚመታችሁ ከዚህ የተነሣ ነው። በልምምድ መካከል መብራት ከጠፋ ሄዱን ከማጥፊያው አጥፉ፤ መብራት ሲመጣ የሚከተለው የቮልቴጅ ዝላይ ክፍት ሆኖ አያግኘው።

ለጉዞ ሁሉንም ቲዩቦች አውጡ፤ የነበሩበትን ቦታ በቁጥር ጻፉና እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ብዙዎቹ የ100 ዋት ሄዶች ከ17 እስከ 23 ኪሎ ስለሚመዝኑ የአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ልክ ማሸጊያውን ላይሸከም ይችላል፤ አስቀድማችሁ መዝኑ። ትራንስፎርመሮቹ ከባድ ስለሆኑ ሳጥኑ ሲወድቅ ቻሲውን (የውስጡን የብረት ሳጥን) ያጣምማሉ፤ ከሁሉም ጎን ጠንካራ ስፖንጅ ይኑር።

ሲደርስ በዕለቱ አታብሩት። ሌሊቱን ክፍል ውስጥ ይደር፤ በማግሥቱ ቲዩቦቹን በቁጥራቸው መልሱ፣ የትራንስፎርመሮቹን ብሎኖች ፈትሹ፣ ከቀናሹ የሚወጣውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለኩ፣ ስፒከሩን ሰኩ፣ ከዚያ ከደረጃ 5 ጀምራችሁ እንደገና ሂዱበት።